የከተማ ቆላና ደጋ፦ ሙቀትን በካርታ የማስፈር ታሪክና ፖለቲካው

ኢትዮጵያዊ አገሩን የሚያውቀው በሙቀት ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፤ ከዚያም ከላይ ውርጭ፣ ከታች በረሃ ብሎ መሬቱን ከፍሎ፣ ገብሱን ከማሽላው ለይቶ፣ ንዳድ ያለበትን ከሌለበት መርጦ ሲኖር ብዙ ዘመን አስቆጥሯል። ቴርሞሜትር ሳይኖረው ካርታውን በልቡ ይዟል። ይህ ክፍፍል ግን የተራራና የሸለቆ፣ የከፍታና የዝቅታ ሥራ በመሆኑ ማንም ማንንም አይወቅስበትም። ቆለኛው በደገኛው ላይ «ቅዝቃዜዬን ወሰድህብኝ» ብሎ ክስ አያቀርብም።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ስለ ሌላ ዓይነት ቆላና ደጋ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት የሚገኙ ሁለት ሰፈሮች አንዱ ደጋ ሌላው ቆላ የሚሆኑበትን ምክንያት እንመለከታለን። ይህኛው ቆላ የሕግ፣ የባንክ፣ የመንገድ ፕላንና የቸልታ ውጤት ነው፤ ስለዚህም ወቃሽና ተወቃሽ አለው። ይህንን በቁጥር ካረጋገጡልን ሰዎች መካከል የሙቀት መለኪያ በመኪናቸው መስኮት ላይ ሰክተው በየጎዳናው የዞሩ ተራ የሰፈር ነዋሪዎች ይገኙበታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማ ለምን ይሞቃል?

ከተማ ከገጠር እንደሚሞቅ መታወቁ አዲስ ነገር አይደለም። ሉክ ሃዋርድ የተባለ ለንደናዊ መድኃኒት ቀማሚ፣ ለደመና ዓይነቶች ዛሬም ድረስ የሚሠራባቸውን ስሞች ያወጣው ሰው ነው፣ በ1818 መታተም በጀመረውና ስለ ለንደን የአየር ጠባይ በጻፈው መጽሐፉ ከተማይቱን ከዙሪያዋ ገጠር ጋር አነጻጽሮ ነበር። ለዓመታት ቴርሞሜትሩን እያነበበ ከመዘገበ በኋላ የለንደን ሌሊት ከገጠሩ ሌሊት ከ3 ዲግሪ ፋራናይት በላይ እንደሚሞቅ አሳየ። ለዚህም የሕዝቡን ብዛት፣ የሚነድደውን ከሰልና የግንቦቹን መደራረብ ምክንያት አድርጎ አቀረበ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1927፣ ቪልሄልም ሽሚት የተባለ የኦስትሪያ ተመራማሪ ቴርሞሜትር በመኪና ላይ ጭኖ የቪየናን ጎዳናዎች እየዞረ ለካ። አንድ ከተማ አንድ ሙቀት ብቻ እንደሌለው በዚህ ዓይነት ጉዞ ተገለጠ። እንግዲህ ከታች የምንተርከው የበጎ ፈቃደኞች ሥራ አያት ቅድመ አያት ያለው ዘዴ መሆኑን ልብ ይሏል።

ምክንያቱም ረቂቅ አይደለም። አስፋልትና ኮንክሪት ቀኑን ሙሉ ፀሐይን ሲጠጡ ይውሉና ሌሊት ይተፉታል። ዛፍ ግን ሁለት ጊዜ ይረዳናል፤ በጥላው መሬቱን ይጋርዳል፣ በቅጠሉ በኩል ውኃ እያተነነ አየሩን ያበርዳል። ዛፉ ተቆርጦ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ሲሆን ሁለቱም ጥቅሞች በአንድ ቀን ይጠፋሉ። በዚህ ላይ የመኪናው ሞተርና ቤቱን አቀዝቅዞ ወበቁን ወደ ጎዳና የሚያስወጣው ኤይር ኮንዲሽነር ይጨመራሉ። ረጃጅም ሕንፃዎች ነፋሱን ሲያግዱ ደግሞ ሙቀቱ እንደ ታጎረ ይቀራል። የሰው ሰውነት ቀን የተሸከመውን ሙቀት ሌሊት ማራገፍ ይኖርበታል። ሌሊቱ ራሱ ካልበረደ ልብና ኩላሊት ዕረፍት አያገኙም፤ ሽማግሌዎችና ሕሙማን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሚረግፉትም ስለዚህ ነው።

ቺካጎ፣ ሐምሌ 1995

ሙቀት የፖለቲካ ጉዳይ መሆኑን ለአሜሪካ ያስተማረው የቺካጎ መቅሠፍት ነው። በጁላይ ወር 1995 አጋማሽ የከተማይቱ ሙቀት እስከ 106 ፋራናይት፣ ማለትም ወደ 41 ሴልሲየስ ወጣ። በዚያው ሳምንት በተለመደው ጊዜ ይሞታል ተብሎ ከሚገመተው በላይ 739 ሰው ሞተ። የሬሳ ማቆያው ሞልቶ የማቀዝቀዣ የጭነት መኪናዎች ተሰለፉ። የከተማይቱ ከንቲባ ቁጥሩ ተጋንኗል ብለው ሊከራከሩ ሞከሩ፤ የአስከሬን ምርመራ ሹሙ ግን ከቆጠሩት ቁጥር ንቅንቅ አላሉም። ሥልጣን ከቁጥር ጋር መጣላት የሚወድደው እኛ አገር ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ኤሪክ ክላይንንበርግ የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን ከአየር ጠባይ አውጥቶ ወደ ሰፈር አመጣው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ድሃ ሰፈሮችን ወሰደ፤ ሰሜን ላውንዴልና ደቡብ ላውንዴል። በሁለቱም ድህነት አለ፣ በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አሉ። በሰሜኑ ከ100,000 ሰው 40 ያህል ሲሞት በደቡቡ 4 ያህል ብቻ ሞተ። ልዩነቱን ያገኘው በጎዳናው ላይ ነው። በደቡቡ ሱቁ ክፍት ነው፣ ሰው ይወጣል፣ ይተያያል፣ ይጠያየቃል። በሰሜኑ ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ቤቱ ፈርሶ፣ ባዶ መሬት በዝቶ፣ አረጋዊው በፍርሃት በሩን ቆልፎ ተቀምጧል። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት በሐኪም ሰነድ ላይ ተጽፎ የተገኘ ያህል ነው።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2003 የበጋ ወራት፣ ሙቀት በአውሮፓ ከ70,000 በላይ ሰው ገደለ፤ በፈረንሣይ ብቻ ወደ 15,000። አሁንም በብዛት የረገፉት ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ከዚህ በኋላ «ሙቀቱ ምን ያህል ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ ሊሆን አልቻለም። «የት? በማን ላይ?» የሚሉት ተከተሉት። ለእነዚህ መልስ የሚሰጥ ካርታ ግን አልነበረም፤ የብዙ ከተሞች ይፋ የሙቀት መጠን የሚነበበው በአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ከቆመ አንድ ጣቢያ ነውና።

ቀዩ ካርታ

አዲሱን ካርታ ከማየታችን በፊት አንድ አሮጌ ካርታ እንድናይ ግድ ይላል። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ በ1933፣ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ቤታቸውን በዕዳ ሊነጠቁ የደረሱትን ለመታደግ የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ይህ መሥሪያ ቤት ከ1935 እስከ 1940 ባሉት ዓመታት ከ200 የሚበልጡ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር እየመደበ በአራት ቀለም ቀባ። አረንጓዴው «እጅግ መልካም»፣ ሰማያዊው «አሁንም ተፈላጊ»፣ ቢጫው «እያሽቆለቆለ ያለ»፣ ቀዩ ደግሞ «አደገኛ» ማለት ነበር። ጥቁሮች፣ የውጭ ተወላጆችና ድሆች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ቀይ ተቀቡ። የጥቁር ሕዝብ መኖር ብቻውን ለቀይ ቀለም ይበቃ ነበር ማለት ይቻላል።

መረጃውን የሰጡት እነማን ናቸው ቢሉ፣ የየከተማው የቤት ደላሎችና የባንክ ሰዎች ነበሩ። ካርታው ከዋሽንግተን ታዘዘ እንጂ የተሣለው አካባቢውን እናውቃለን በሚሉ ሰዎች አፍ ነው። ይህንን ነጥብ በኋላ ስለምመለስበት አንባቢ ይያዝልኝ።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት አለ። የሰፈሮችን መለያየት የፈጠረው ይህ ካርታ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ባልቲሞር በ1910 ጥቁርና ነጭ የሚኖሩባቸውን ጎዳናዎች የሚለይ የከተማ ሕግ አውጥታ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የመሰሉ ሕጎችን የሻረው በ1917 ነው። ለብድር ዋስትና የሚሰጠው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም የራሱን ካርታ ይዞ ይሠራ ነበር። የታሪክና የኢኮኖሚ ሊቃውንት ቀለሙ መለያየቱን ፈጠረው ወይስ ቀድሞ የነበረውን መዘገበው እያሉ ይከራከራሉ። የማያከራክረው ነገር የሚከተለው ነው፤ በቀይ ሰፈሮች ብድር ራቀ፤ ብድር ሲርቅ ቤት አረጀ፤ መሬቱ ሲረክስ አውራ ጎዳናው፣ መጋዘኑና ፋብሪካው ወደዚያ መጡ። አረንጓዴ በተቀቡት ሰፈሮች ዛፉ አደገ፣ መናፈሻው ሰፋ። የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ አድልዎውን ከለከለ፤ ዛፍ ግን በአዋጅ አይበቅልም።

መለኪያ ያሠሩ ነዋሪዎች

በ2017 ጁላይ 13፣ የቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሆነችው ሪችመንድ፣ የቨርጂኒያ ሳይንስ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ጄረሚ ሆፍማን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ ከተማይቱን ለመለካት ወጣ። ዘዴውን ያዳበረው የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቪቬክ ሻንዳስ ነበር። ሥራው በኋላ በአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ድጋፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ ከ60 የሚበልጡ ማኅበረሰቦችም በየተራቸው ለክተዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰማዩ የጠራ፣ እጅግ የሚሞቅ አንድ ቀን ይመረጣል። በየመኪናው ሁለት ሰው ይመደባል፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው መንገዱን ይመራል። በመኪናው መስኮት ላይ በየሴኮንዱ የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበቱን፣ ሰዓቱንና ቦታውን የሚመዘግብ መለኪያ ይታሰራል። ከዚያም ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ሰዓት ይዞራል፤ ማለዳ ከ12 እስከ 1 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ከ9 እስከ 10፣ ምሽት ከ1 እስከ 2። መንገዶቹ መናፈሻንም፣ ገበያንም፣ የሀብታምንም፣ የድሃንም ሰፈር እንዲያቋርጡ ሆነው ይነደፋሉ። የተሰበሰበው ቁጥር ከሳተላይት ምስል ጋር ተጣምሮ መኪና ያልደረሰባቸው ቦታዎች ሙቀት በስሌት ይገመታል።

«ሳተላይት እያለ መኪና ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። ሳተላይት በአመዛኙ የሚያየው የጣራውንና የአስፋልቱን ገጽ ሙቀት ነው። ሰው የሚተነፍሰው ግን ጎዳና ላይ ያለውን አየር ነው። አንድ ሌላ ቁም ነገርም አለ። ነዋሪው ራሱ የለካውን ቁጥር ማንም ባለሥልጣን «ከየት አመጣኸው?» ሊለው አይችልም።

በሪችመንድ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ቦታ መካከል እስከ 16 ፋራናይት የሚደርስ ልዩነት ተገኘ፤ በሴልሲየስ ወደ 9 ዲግሪ መሆኑ ነው። ለእኛ ይህ ከተራራ ወደ ቆላ የመውረድ ያህል ነው። እጅግ ከሚሞቁት አንዱ ጊልፒን የተባለው ሰፈር ነው። የታዋቂው የጥቁሮች መንደር የጃክሰን ዋርድ አካል የነበረ፣ በ1930ዎቹ ቀይ የተቀባ፣ በ1950ዎቹ አውራ ጎዳና ለሁለት የሰነጠቀው፣ ዛፍ የሌለው ሰፈር። አሮጌውን ካርታ በአዲሱ ላይ ቢያነጥፉት ቀይ በቀይ ላይ አረፈ።

ይህ የአንድ ከተማ አጋጣሚ ይሆን? ሆፍማንና ሻንዳስ ከባልደረባቸው ጋር 108 የአሜሪካ ከተሞችን በሳተላይት መረጃ መርምረው በ2020 ጥናታቸውን አወጡ። ከከተሞቹ በ94 በመቶው ቀድሞ ቀይ የተቀቡት ሰፈሮች ካልተቀቡት ይልቅ የሚሞቁ ሆነው ተገኙ። አማካዩ ልዩነት 2.6 ሴልሲየስ ሲሆን በአንዳንድ ከተሞች እስከ 7 ይደርሳል። ይህ የገጽ ሙቀት መሆኑን መርሳት አይገባም፤ አቅጣጫው ግን አንድ ነው። ከሰማንያ ዓመት በፊት በቢሮ ውስጥ የተሳለ ቀለም ዛሬ በሰው ቆዳ ላይ ይነበባል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሻንዳስ የራሱ ከተማ ፖርትላንድም ተፈተነች። በ2021 ጁን 28 ሙቀቱ 116 ፋራናይት፣ ወደ 47 ሴልሲየስ ደረሰ። ቀዝቃዛ በምትባለው በዚያች ከተማ ብዙ ሰው ኤይር ኮንዲሽነር አልነበረውም። በቀናት ውስጥ በኦሬገን ግዛት በአሥር የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን የነበሩ ናቸው። ከቺካጎ ወዲህ የታሪኩ ገጸ ባሕርያት አልተለወጡም።

ዋሽንግተንና እኛ

ውድ አንባብያን፣ «ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ካላችሁ ወደ ዋሽንግተን ልውሰዳችሁ። በ1870ዎቹ አሌክሳንደር ሼፐርድ የተባለው አስተዳዳሪ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጎዳና ዛፎችን አስተክሎ ከተማይቱ የዛፎች ከተማ ተብላ ነበር። ከዚያ ግን ዛፉ ተመናመነ። በ1999 የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የሳተላይት ምስሎችን አትሞ የደረሰውን ጥፋት ካሳየ በኋላ ቤቲ ብራውን ኬሲ የተባሉ ባለጸጋ ኬሲ ትሪስ የሚባለውን ድርጅት በገንዘባቸው አስቋቋሙ። በ2002 የበጋ ወራት በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በየጎዳናው እየዞሩ ከ100,000 በላይ ዛፎችን አንድ በአንድ ቆጥረው መዘገቡ። ከተማይቱም በኋላ በ2032 ከመሬቷ 40 በመቶው የዛፍ ጥላ እንዲኖረው ግብ አስቀመጠች። በ2018 ኦገስት ወር መጨረሻ ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ዋሽንግተንንና ባልቲሞርን በመኪና ለኩ፤ በሞቃቱና በቀዝቃዛው ቦታ መካከል ከ15 ፋራናይት የሚበልጥ ልዩነት ተገኘ። በ2022 ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ተከተለ።

እነዚህ የእኛ ሰፈሮች ናቸው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደደው ወገናችን መጀመሪያ አዳምስ ሞርጋን፣ ቀጥሎ ዩ ስትሪት፣ ቤት ኪራዩ ሲንር ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሰፈረ። የከተማይቱን የመኪና ማቆሚያዎች ማን ይጠብቃል? ታክሲውን ማን ይነዳል? በአውሮፕላን ማረፊያው አስፋልት ላይ ሻንጣ የሚጭነውስ? ሙቀቱ የሚሠራበትን ቦታ እግሩ የሚያውቅ ሰው ቢኖር የእኛ ሰው ነው። በየፎቁ የሚኖሩት እናቶቻችን፣ ልጅ ለመጠበቅ መጥተው እንግሊዝኛ ሳይለምዱ በአንድ ክፍል ውስጥ የቀሩት፣ የሙቀት ማስጠንቀቂያ በማያውቁት ቋንቋ የሚነገራቸው፣ ክላይንንበርግ የጻፈላቸው ሰዎች ናቸው። የመብራት ሒሳብ ፈርተው ኤይር ኮንዲሽነር የሚያጠፉትን ስንት እናቶች አውቃለሁ! ለኢትዮጵያ ፖለቲካ ሲሆን በአንድ ቀን ጥሪ ሺህ ሰው የሚያሰልፍ ማኅበረሰብ፣ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ዕድሩም ያለው ሕዝብ፣ እነዚህን እናቶች በሞቃት ቀን አንኳኩቶ የሚጠይቅ ዝርዝር ቢያዘጋጅ ምን ያቅተዋል? ዕድር ሲሞቱ የሚቀብር ብቻ መሆን የለበትም፤ እንዳይሞቱም ሊጠይቅ ይችላል።

ካርታ ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

ካርታ ዛፍ አይተክልም። ያም ሆኖ ክርክሩን ይለውጣል። ሪችመንድ በ2020 በደቡባዊ ክፍሏ፣ ጥላ በሚጎድላቸው ሰፈሮች፣ አምስት አዳዲስ መናፈሻዎች ለመክፈት መነሣቷን ስታስታውቅ ያ የበጎ ፈቃደኞች ካርታ በጠረጴዛው ላይ ነበር። ከዚያ በፊት «እኛ ሰፈር ይሞቃል» ማለት ስሞታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማስረጃ ሆነ።

ከአፍሪካም ምሳሌ አለ። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን በ2017 ኦገስት ከ1,000 በላይ ሰው የቀበረ የመሬት ናዳ ደረሰባት፤ ለአደጋው መባባስ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የኮረብታው ዛፍ መመንጠር ነው። ከንቲባዋ ኢቮን አኪ ሶየር በ2020 ሚሊዮን ዛፍ የመትከል ዘመቻ ጀመሩ። በ2021 ደግሞ ዩጂንያ ካርግቦን የከተማይቱ የሙቀት ጉዳይ ኃላፊ አድርገው ሾሙ፤ በአፍሪካ የመጀመሪያዋ መሆናቸው ነው። በፀሐይ ላይ ተቀምጠው ለሚቸረችሩ የገበያ ሴቶች ጥላ ተሠራላቸው። በ2022 ፍሪታውን ከሪዮ ዴ ጃኔሮ ጋር የአሜሪካውን የመኪና ልኬት በራሷ ጎዳናዎች አካሄደች። በሕንድ አገር አሕመዳባድም በ2010 ሜይ ወር ከ1,300 የሚበልጥ ሰው በሙቀት ካጣች በኋላ በ2013 የድርጊት ዕቅድ አወጣች፤ ማስጠንቀቂያ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የሠለጠነ ጤና ሠራተኛ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ጣራ። አንዱም የሀብታም አገር መድኃኒት አይደለም።

አደጋውን ግን ልሸፍን አልፈልግም። ቀዩም ካርታ በ1930ዎቹ የተሣለው «አካባቢውን በሚያውቁ ሰዎች» መሆኑን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ልዩነቱ ብዕሩን የያዘው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ያን ጊዜ ስለ ነዋሪው የተናገረው ደላላው ነበር፤ አሁን ስለ ራሱ የሚናገረው ነዋሪው ነው። ይሁን እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ ካርታው ከነዋሪው እጅ ከወጣ ያው ደላላ ተመልሶ ሊያነብበው ይችላል። በአንድ ጎዳና ዛፍ ሲተከልና መናፈሻ ሲከፈት የቤት ኪራይ ይንራል፤ ጥላውን የጠየቀው ድሃ ጥላው ሲደርስ እዚያ ላይገኝ ይችላል። በዩ ስትሪት ዙሪያ የሆነውን ያየን ሰዎች ይህንን ለማመን ጥናት አያሻንም። ስለዚህ የኪራይ ጥበቃ የሌለው የዛፍ ተከላ ድሃውን ከቆላ ወደ ሌላ ቆላ የሚያሰድድ በጎ ሥራ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ የመንግሥት ፈቃድ ነው። በ2025 ለዚህ መሰሉ የሙቀት ጥናት ተመድቦ ከነበረው የፌዴራል ገንዘብ ከፊሉ ተሰርዟል። ገንዘቡ ቢቆምም ግን የተለካው ቁጥርና መለካትን የተማረው ሕዝብ ይቀራሉ። ዕውቀት በመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ብቻ ከሆነ በአንድ ደብዳቤ ይዘጋል፤ በሺህ ሰው እጅ ካለ ግን መዝጋቱ ቀላል አይሆንም።

ወደ አገር ቤት

ስለ አዲስ አበባ ሲነሣ «እኛ ደጋ ነን፣ ሙቀት ችግራችን አይደለም» የሚል መልስ ይሰማል። ከተማይቱ ራሷ ግን በሙቀትና በዛፍ ታሪክ የተሠራች ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውኃ ዙሪያ መሠረቷት። ብዙም ሳይቆይ ማገዶ አልቆ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር፤ በቦታዋ ካቆዩአት ምክንያቶች ዋነኛው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዋና ከተማችን በዛፍ እጦት ልትፈርስ ደርሳ በዛፍ የተረፈች ከተማ ናት ማለት ነው። ከ2024 ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰዋል፣ በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳርም ዛፍና አበባ ተተክሏል። በተከላው ላይ ጥል የለኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጥላው ከመትከሉ በፊት የት እንደሚያስፈልግ ተለክቷል? መስታወት በለበሰው ሕንፃ ፊት የተተከለው ዛፍና ከፒያሳ ተነሥቶ ዳር የወጣው ቤተሰብ ቆርቆሮ ጣራ በአንድ ካርታ ላይ ቢቀመጡ ምን እናይ ነበር?

ጉዳዩ ከሁሉም በላይ የሚገለጸው ግን በድሬዳዋ ነው። በባቡር ሐዲዱ ምክንያት በ1902 የተቆረቆረችው ይህች ከተማ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት ትከፈላለች። በአንዱ ወገን የባቡር ኩባንያው በፕላን የሠራት፣ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቿ ግራና ቀኝ ዛፍ የተተከለላት ከዚራ፤ በሌላው ወገን የአገሬው ሰው ቤቱን አጠጋግቶ የሠራባት መጋላ። በአሜሪካ በቀለም የተሣለው መሥመር በድሬዳዋ ወንዝ ሆኖ ተቀምጧል። የከዚራን ጥላ የሚያደንቅ እንግዳ ብዙ ነው፤ ያ ጥላ በመጀመሪያ ለማን ተብሎ እንደተተከለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ተማሪዎች በርካሽ ቴርሞሜትር፣ በባጃጅ ተሳፍረው፣ በአንድ የግንቦት ቀን በማለዳ፣ ከቀትር በኋላና በምሽት ሁለቱን ወገኖች ቢለኩ የአንድ መቶ ዓመት የከተማ ፖለቲካ በቁጥር ይነበባል። ሎጊያም፣ መተማም፣ ጋምቤላም እንዲሁ። መምህራን ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ ሥራው የእናንተ ነው፤ ማንንም የሚያስቆጣ መፈክር የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የከተሞቻችን ሙቀት የተሸሸገው ደብቀነው አይደለም፤ ለክተነው ስለማናውቅ ነው። ያልተለካ በደል ደግሞ ለባለሥልጣን የሚመች በደል ነው፤ በአማካይ ውስጥ ይሰወርለታልና። የሪችመንድ ነዋሪዎች ያስተማሩን አማካይን አለመቀበልን ነው። የተፈጥሮውን ቆላና ደጋ ፈጣሪ ሠራው፤ የከተማውን ግን ሰው ሠርቶታልና ሰው ያስተካክለዋል። ለማስተካከል ደግሞ አስቀድሞ የት እንዳለ ማወቅ ይገባል።

ቸር ይግጠመን።